ሙሉ ሲጋራ አጭሶ የማያውቀው ሰውዬ

ባሌ ክብሩ በሕይወቱ አንድ ሙሉ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው። "አለም፣ እኔ እኮ ሙሉ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም!" ይለኝ ነበር ደረቱን ነፍቶ፣ ልክ ሜዳሊያ እንደሚገባው ሰው። ውሸቱን ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። እውነቱን ነው። ግማሹን ያጨስና ግማሹን ለጓደኛው ለሰኢድ ያቀብላል። ሰኢድ ደግሞ ሌላ ይለኩስና ግማሹን ስቦ ለክብሩ ያቀብላል። እንዲህ ሲቀባበሉ ይውላሉ። ቤት ውስጥ ሲያጨስ እንኳ ግማሹ ላይ ሲደርስ በጣቱ ቆንጥጦ ያጠፋና "የሰኢድ ነው" ብሎ በሸሚዝ ኪሱ ይይዝለታል። የሸሚዙን ኪስ የማጥበው እኔ፣ ጽድቁ የእነሱ።

ክብሩ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን የሚያመላልስ አውቶብስ ነው የሚነዳው። ሰኢድ የዚያው አውቶብስ መካኒክ ነው፤ አገሩ ደሴ፣ ቤቱ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ። እኛ መናኸሪያ ሰፈር ነን። እኔ አለምነሽ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሐዋሳን ተማሪ ግማሹን ዩኒፎርም ያለበስኩት እኔ ነኝ ብል ማንም አይከራከረኝም። ጌታን የተቀበልኩት ገና በልጅነቴ ነው። ክብሩ ግን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ያደርሰኝና እዚያው ውጪ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። "ለምን አትገባም?" ስለው "አፌ ይሸታል፣ ምእመኑን ላስቸግር?" ይላል። ስንት ዓመት ጸለይኩለት መሰላችሁ! እሱም ስንት ጊዜ "ከፋሲካ በኋላ አቆማለሁ" አለኝ! ፋሲካው ይመጣል፣ ይሄዳል። የትኛውን ፋሲካ እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ዝናብ ሲጥል በዕድሜ የገፉትን የጽዳት ሠራተኞች እንደ ደንቡ ፌርማታ ላይ አያወርዳቸውም፤ በየሰፈራቸው እየዞረ ደጃቸው ድረስ ነው የሚያደርሳቸው። ስንት ምርቃት አለው መሰላችሁ። እኔ ነኝ እንጂ የምጨቀጭቀው ሌላው ሰው ሁሉ ይወደዋል።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለ። ተማሪው ወደየቤቱ ሂድ ሲባል ክብሩ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ አውቶብስ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ግቢ ሲመላለስ ሰነበተ። ከዚያ አውቶብሱም ቆመ። ሾፌሩ የሚነዳው የለ፣ መካኒኩ የሚጠግነው የለ፤ ሁለቱ ጋራዡ ጓሮ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ክብሩ ለኮሰ፣ ግማሹን ሳበ፣ ዘረጋለት። ሰኢድ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

"ክብሬ፣ ከአፍህ የወጣ ነገር እንዴት ልቀበልህ? ዜናውን አልሰማህም?"

"ስንት ዓመት የተቀበልክበት አፍ ነው ዛሬ የቆሸሸብህ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እኔ ነኝ ያልኩት? መንግሥት ነው ያለው!"

ክብሩ ተቀየመ። ወላሂ ብሎ ነው ሰኢድ የነገረኝ፣ ያን ቀን ተኮራርፈው ተለያዩ። ማታ ክብሩ ራት አልበላም። ሲጋራው ጠፍቶበት እንዳይመስላችሁ፣ ሲጋራማ ሞልቶለታል። ግን ሙሉውን ብቻውን ማጨስ አይችልም። ግማሹ ላይ ሲደርስ እጁ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ የሚቀበለው ሰው የለም።

በኋላ ታረቁና ለሱም መላ አመጡ። እኛ ግቢ መጡና በየጥጋቸው ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ አንዷን ሲጋራ ገና ሳትለኮስ ለሁለት ሊቆርጧት። በምን? በጨርቅ መቀሴ! ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ያውቀዋል፣ የጨርቅ መቀስ ወረቀት እንኳ አይቆረጥበትም። "አንተ ክብሩ! በመቀሴ?" ብዬ ስወጣ ቆርጠው ጨርሰዋል። ፊልተር ያለው ግማሽ ለክብሩ ደረሰ። ፊልተር የሌለውን ሰኢድ ለኮሰና አንድ ጊዜ እንደሳበ ከንፈሩን ለበለበው፤ ትምባሆው ጥርሱ ላይ ቀርቶ እንትፍ እንትፍ እያለ ግቢውን ዞረ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እነሱ ግን አልሳቁም። የሚያሳዝኑ ሁለት ሽማግሌዎች!

ነገሩ የከረረው ኢየሩስ ስትደውል ነው።

ኢየሩስ አንድያ ልጃችን ናት። ቱላ ነው ያገባችው፣ ባሏ ተመስገን ይባላል። ያን ጊዜ የበኩር ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች። በእኛ ደንብ ሴት ልጅ የበኩሯን የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። እኔማ ገና ሳትዳር ነው ቅቤ ማጠራቀም የጀመርኩት። ችግሩ ልጄ አስም አለባት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ክብሩ በለኮሰ ቁጥር ትንፋሿ ሲያፏጭ ነው ያደገችው። ያኔ እሱ ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ጭሱ ግን በመስኮት ይመለሳል።

"እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለችኝ በስልክ። "አባዬ የሚያጨስበት ቤት አልታረስም። በዚህ በሽታ ላይ፣ በእኔ ሳንባ ላይ፣ ጨቅላ ይዤ ጭስ ቤት አልገባም። የተመስገን እናት ዘንድ እሆናለሁ። ሕፃኑንም የሚያጨስ ሰው እንዲያቅፈው አልፈልግም።"

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ሰው ምን ይላል የሚለውን ተዉት። ልጄ ወልዳ ገንፎዋን ሌላ ሴት ልታገነፋላት ነው ብዬ ሳስብ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳሁና ለክብሩ ቃል በቃል ነገርኩት፣ አንድም አላለሰለስኩለትም።

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሾፌር ነው፤ ሲናደድም ይወጣል፣ ሲከፋውም ይወጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰና "ልናቆም ነው" አለኝ።

"ልናቆም? እነማን?"

"እኔና ሰኢድ።"

"ሰኢድን ምን አገባው? የምትታረሰው የሱ ልጅ አይደለች!"

"ብቻዬን አልችልም አልኩት። እሺ አለኝ።"

በኋላ ሰኢድን ራሱን ጠየቅሁት፣ አንተ ምን ቤት ነህ አልኩት። "እህቴ አለም፣ እሱ ካቆመ እኔ ግማሹን ለማን ልስጥ?" አለኝ። ይሄም ምክንያት ነው እንግዲህ።

ታዲያ ኮሮና ነው፣ እንደ ድሮው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ "አይዞህ" መባባል የለም። በስልክ ሆነ። በዚያ ሰሞን ስልክ ስትደውሉ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ ሰውየው እስኪያነሳ የኮሮና ማስታወቂያ ነበር የሚሰማው። እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ርቀትዎን ይጠብቁ፣ ምናምን። አገር ሁሉ ተማሯል፤ "ይቺ ሴትዮ ዛሬም አልደከማትም?" እያለ። እነዚህ ሁለቱ ግን መድኃኒት አደረጓት። ደንብ አወጡ። ሱሱ የመጣበት ሰው ይደውላል፤ ሌላው ማስታወቂያው እስኪያልቅ ስልኩን አያነሳም። ደዋዩ እሷን እየሰማ ይቆማል። ሴትዮዋ ተናግራ ስትጨርስ የሱሱም ግለት በረድ ይላል። ከዚያ ሰኢድ ያነሳና "አብሽር ክብሬ፣ አብሽር" ይለዋል፣ ይዘጋሉ። ሌላ ወሬ የለም።

አንድ ቀን ሰኢድ ተሳስቶ ቶሎ አነሳው። ክብሩ እንዴት እንደጮኸበት! "ምን ያጣድፍሃል? ገና ሳሙናው ጋ ነኝ!"

ማስታወቂያውን ሸመደደው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሴትዮዋ ጋር እኩል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እሷ ታጠቡ ስትል ደግሞ እውነት ሄዶ ይታጠባል፤ በሩ ላይ ካስቀመጥነው ጀሪካን ሥር፣ ስልኩን በትከሻው ይዞ። በቀን ስንት ጊዜ! ሳሙናዬን ፈጀው። የጣቱ ቢጫነት መልቀቅ ጀመረ፣ ቆዳው ግን እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጠቀ። ቫዝሊን ስሰጠው "ይሸታል" ብሎ ተጣላኝ። ሲጋራ ሲሸት ለኖረ ሰው ቫዝሊን ሸተተው! ኧረ ስንቱን ቻልኩት በዚያ ሰሞን። ሽሮው ጨው በዛበት፣ ዶሮው ያለ ሰዓቱ ጮኸ፣ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ራሱን አዞረው። "መኪናዬ ስትጮህ ሃያ ዓመት አብረሃት ተኝተሃል፣ ዛሬ ምን ሆንክ?" ብዬ እኔም አልተውኩትም። ነገር ፍለጋው ሲያቅተው ሸንኮራ ያኝካል፤ አኝኮ የተፋው ግቢውን ሞላው።

እጁ ሥራ ሲያጣ የአራስ ክፍሉን ላዘጋጅ አለ። መጋረጃውን አወረደ፣ ጣሪያውንና ግድግዳውን በሳሙና ውሃ መፈግፈግ ጀመረ። ባልዲውን ሊደፋ ሲወጣ አየሁት። ውሃው የፈላ ሻይ መስሏል። ቆሞ ያየዋል፣ ያየዋል።

"አለም፣ ይሄ ከግድግዳው ነው የወጣው?"

"ከአንተ ነው የወጣው" አልኩት።

ባልዲውን አስቀምጦ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። "የልጄም ሳንባ እንዲህ ነው ማለት ነው" አለ በቀስታ። እኔ ምላሴ ረጅም ነው፣ ብዙ የምለው ነበረኝ። ግን ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝና ንጹሕ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። ተነስቶ ግድግዳውን እንደገና አጠበው፤ ውሃው እስኪነጣ አጠበው። ከዚያ ነጭ ቀለም ቀባው። ለኢየሩስ ደወልኩና "አባትሽ አቁሟል፣ ከነ ሰኢድ አቁሟል" አልኳት። "ከፋሲካ በኋላ ነው?" አለችኝ የአባቷ ልጅ። ቢሆንም ልቧ ራርቶ "ሰኔ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ" አለች። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት ክብሩ ይጠፋ ጀመር። ሽንት ቤት ይገባል፣ አይወጣም። ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው አስጠግቼ ስሰማ የታፈነ ሳል። የአጫሽ ሳል! ደሜ ፈላ። አንተ ውሸታም አልኩ በልቤ፣ ያ ሁሉ ግድግዳ ማጠብ፣ ያ ሁሉ ስልክ! ወልወያዬን ይዤ ሄድኩና በሩን በእግሬ በረገድኩት።

ክብሩ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ። ጭስ የለም። ሽታም የለም። ዓይኑ ብቻ ቀልቷል።

"ዝጊው አለም፣ ጎረቤት እንዳይሰማ" አለኝ። "ካቆምኩ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ይብሳል እንጂ አይተወኝም። ኢየሩስ ሳል አለው ከተባለች አትመጣም። ኮሮና ነው ይላሉ፣ መጥተው ይወስዱኛል።" ትንፋሹን ሰበሰበና ቀና ብሎ አየኝ። "አንድ ግማሽ ብቻ ብስብ ይተወኝ ነበር። አውቀዋለሁ፣ ወዲያው ነው የሚተወኝ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። ለስንት ዓመት ጾሜና ጸልዬ፣ ያን ሰዓት "እንግዲያው አንዷን ስባትና ይተውህ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቃል? ልጄ ትግባልኝ እንጂ! ያዳነን ክብሩ ራሱ ነው። ሳሉ ያዝ ሲያደርገው እጁን ወደ ስልኩ እያሳየ "ሰኢድን ደውዪልኝ" አለኝ።

ደወልኩ። ስፒከሩ ላይ አደረግሁት። ሴትዮዋ ማስታወቂያዋን ጀመረች። ሽንት ቤት በር ላይ ወልወያ ይዤ ቆሜ፣ እሱ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን እስከ መጨረሻው ሰማናት። ከዚያ ሰኢድ አነሳው። "አብሽር" ሊል አፉን ከፈተና ሳለ። እንዴት ያለ ሳል! ክብሩ ከተቀመጠበት ተነሳ።

"አንተም?"

"ከሰኞ ጀምሮ" አለ ሰኢድ። "ለሚስቴ በርበሬ ነው እያልኳት ነው።"

የጤና ነፃ ስልክ ላይ ደወልን። ሰላም የምትባል ነርስ አነሳችልን፤ ድምፅዋ ራሱ ያሽራል። ሁሉንም ነገርኳት። "እትዬ፣ ሲጋራ ያቆመ ሰው ሳንባው ራሱን ሲያጸዳ ሊያስለው ይችላል፣ የተለመደ ነው" አለችኝ። "ግን ጊዜው ይሄ ስለሆነና ቤትዎ ነፍሰ ጡር ስለምትመጣ ሳይመረመሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።" እኔ "ክብሩ፣ ታመህ ከሆነ ይታወቅ፣ ካልታመምክም ይታወቅ" አልኩት። እሺ አለ። ሰኢድም "እሱ ከሄደ እሄዳለሁ" አለ። እነዚህ ሰዎች ምርመራ እንኳ ለየብቻ አይሄዱም።

አምቡላንሱ ሲመጣ የሰፈሩ አጥር ሁሉ ዓይን አወጣ። አንዳንዱ መንገድ ቀይሮ ሄደ፤ አልፈርድበትም፣ ጊዜው ያስፈራል። ጎረቤቴ ታቢታ ግን እንጀራና ወጥ በሳህን ከድና በሩ ላይ አስቀመጠችልኝና ከአጥሩ ማዶ ማስኳን አድርጋ ጮክ ብላ ጸለየችልኝ። ለክብሩም ለሰኢድም ነው የጸለየችው። "ሰኢድንም ጌታ ሆይ፣ ደሴ ያሉ ቤተሰቦቹንም" ስትል እያለቀስኩም ሳቄ መጣ።

ለኢየሩስ መደበቅ አልሆነልኝም። ደወልኩና "አባትሽ ስላሳለው ለይቶ ማቆያ ገብቷል" አልኳት።

"እማዬ፣ ጀምሮ ነው አይደል?"

"አልጀመረም።"

"ሁልጊዜ ትሸፍኚለታለሽ።"

"እኔ? እኔ አለምነሽ ለክብሩ ስሸፍን የት አይተሽኝ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ይሄንን አሰበችበት መሰለኝ። "ውጤቱ ይምጣ፣ እኔም ራሴ አይቼ እወስናለሁ" አለችና ዘጋች። የተመስገን እናት ክፍሉን አዘጋጅታ እየጠበቀቻት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግ ሴት ናት፣ ምንም ክፋት የላትም። ግን ያን ሳምንት ለመውደድ ከበደችኝ።

ለይቶ ማቆያው የተማሪዎች ዶርም ነበር። ክብሩ በአውቶብሱ መናኸሪያ ያደረሳቸው ልጆች አልጋ ላይ እሱ ተኛ። ሰኢድ ከኮሪደሩ ማዶ ፊት ለፊት ያለው ክፍል። በር ለበር እየተያዩ፣ ግን መጠጋጋት የለም። እንግዲህ ይሄንን ሰኢድ ነው የነገረኝ፤ ክብሩ ሲነግረኝ ያሳጥረዋል።

ከክብሩ ቀጥሎ ያለው ክፍል የገባው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ ከሞያሌ መስመር የመጣ። ይሄ ሰው ወደ ኮሪደሩ በሚከፈተው መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ ያጨሳል። ጭሱ ክብሩ ክፍል ይገባል። መልካም ሰው ስለሆነ ደግሞ ብቻውን ማጨስ ነውር መሰለውና ፓኬቱን በመስኮት ዘረጋ። "እንካ ወንድም፣ ሾፌር ለሾፌር! አንተም ማዶ ያለኸው!" ክብሩ እጁ ወጣ። ሰኢድ ያየዋል፤ "እጁ ብቻውን ነው የወጣው፣ እሱ አላወቀም" ይላል። ክብሩ ሁለት ጣቶቹን አየር ላይ እንደዘረጋ ቆመ። ወዲያው በሌላው እጁ ስልኩን አወጣና ደወለ፤ እዚያው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ለሰኢድ። ከሞያሌ የመጣው ሾፌር ግራ ገባው፣ "ምነው፣ ማዶ ቆሞ የለም እንዴ?" አለ።

ሰኢድ ስልኩ ሲጮህ አላነሳም። ከዚያ ይልቅ በሩ ላይ ቆሞ የሴትዮዋን ማስታወቂያ በራሱ ድምፅ ጮክ ብሎ ይለው ጀመር፤ እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ! ክብሩ ተቀበለው። ርቀትዎን ይጠብቁ! ከሦስተኛው በር አንዱ ተቀበለ፣ ከአራተኛው ሌላው፤ ማን የማያውቀው አለ? ኮሪደሩ በሙሉ ሆነ። የሞያሌው ሾፌር እየሳቀ ሲጋራውን በመስኮቱ ዘንግ ላይ አጠፋው። "እናንተ ሰዎች የታመማችሁት ሌላ ነው" አላቸው አሉ።

ውጤቱ መጣ። ነፃ፣ ሁለቱም። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ "ሳንባችሁ ቆሻሻውን እያወጣ ነው፣ ትንሽ ታገሱት" አላቸው። እኔ ስሰማ መሬት ተንበረከክሁ። ተነስቼ ለኢየሩስ ደወልኩ። "እመጣለሁ" አለች፤ "ግን ሻንጣዬን ከባጃጁ አላወርድም። መጀመሪያ አያለሁ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ። ሆዷ ቀድሞ ወረደ፣ እሷ ተከተለች፤ ማስኳ እስከ ዓይኗ ድረስ። ተመስገን ሻንጣውን ሊያነሳ ሲል "ተወው፣ ቆይ" አለችው። ሰላም እንኳ አላለችንም። ቀጥታ ገባችና ማስኳን ዝቅ አድርጋ መጋረጃውን አሸተተች። ትራሱን አሸተተች። በር ላይ የተሰቀለውን የክብሩን ኮት ኪሱን ገልብጣ አሸተተች። አልጋ ልብሱን፣ ቁም ሳጥኑን። እኔ እንደ ጥላ እከተላታለሁ። የተከራየ ቤት የምትመረምር አከራይ ነው የመሰለችው፣ እርጉዝ አከራይ።

ክብሩ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው። እንደዚያ ቆሞ አይቼው አላውቅም፤ ከዚህ ሁሉ ሱስ ይልቅ ያን ጊዜ ነው ያሳዘነኝ። ኢየሩስ ወጣችና ፊቱ ቆመች።

"አባዬ፣ ማስክህን አውልቅ።"

"ራቅ በይ ልጄ፣ ርቀትሽን ጠብቂ።"

"ተመርምረህ የለ? አውልቅ።"

አወለቀ። ቀረበችውና አፍንጫዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ከዚያ አንገቱ ሥር። እዚያው ቀረች። እሱ እጁን ሊያሳርፍባት አልደፈረም፣ ሁለት እጁን አየር ላይ እንደያዘ ነው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በቃ አልኩ፣ ሸተታት፤ አለቀልን፣ ወደ ቱላ ልትመለስ ነው።

"ምነው ልጄ? ሸተተሽ እንዴ?" አልኩ።

"ምንም አልሸተተኝም" አለች እያለቀሰች። "እማዬ፣ አባዬ ምንም አይሸትም። ልጅ ሆኜ በጨለማ ሲገባ እንኳ በጠረኑ ነበር የማውቀው። ያንን ጠረን ነበር አባቴ የምለው፤ ትንፋሼን የሚዘጋኝም እሱ ነበር። አሁን ማን እንደያዝኩ አላውቅም።"

"እኔ ነኝ" አለ ክብሩ። "እኔ ነኝ ልጄ፣ አባትሽ ነኝ" አለና እጁን አሳረፈባት።

ረጅም ጊዜ እንዲያ ቆሙ። ትንፋሿን ሰማሁት፣ አያፏጭም። እኔ ማልቀስ ስጀምር ነገር እንደሚረዝም ስለማውቅ ወደ በሩ ዞርኩና "ተመስገን! አንተ ደግሞ እዚያ ምን ይገትርሃል? ሻንጣውን አስገባ እንጂ!" አልኩት።

ሐምሌ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ወለደች፣ ሴት። ጠያቂ አይገባም ስለተባለ ሰኢድ ከነሚስቱ በመስኮት ነው ያያት፤ ሳሉም ለቆት ነበር፣ ሲጋራውም እስከ ዛሬ እንደቀረ ነው። ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ቅቤውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ሕፃኗ ጡት ጠብታ ስትጨርስ ኢየሩስ ይዛት ቀና አለች፤ እኔ እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ክንዴን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። እሷ እኔን አልፋ "አባዬ፣ ና ያዛት" አለችው። እሱ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ያለ ፍርሃት እየተነፈሰባት ክፍሉን ዞረ። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ። ቀናሽ እንዴ አትበሉኝ፤ ትንሽ ቀንቻለሁ።